የኋይትቻፕሉ ቢላዋና የሰፈሩ ጉልቤዎች

በለንደን ኋይትቻፕል ሰፈር ሴቶችን የገደለው፣ ሳይያዝም የቀረው የጃክ ዘ ሪፐር ወሬ በተነሳ ቁጥር ሰው የሚጠይቀው ስም ነው። ማን ነበር? ሐኪም ነው? ሥጋ ሻጭ ነው? የንግሥት ቪክቶሪያ የልጅ ልጅ ነው ያለም አለ። እኔን ግን ከስሙ በፊት የሚይዘኝ ሌላ ነገር ነው። ቆይ፣ አንድ ሰው መሆኑን ማን ነገረን? ሰፈሩን የያዙ ዱርዬዎች፣ ከሴተኛ አዳሪዎች ግብር የሚሰበስቡ፣ ከጀርባቸውም ገንዘብና ቤት ያላቸው አለቆች የቆሙላቸው ቢሆኑስ?

እንዲህ የሚሉ ሰዎች ዛሬም አሉ። ብዙው ሰው ሰምቶ ይስቃል። እኔ አልስቅም። በ1888 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ፖሊስም ጋዜጣም መጀመሪያ ላይ ይህንኑ ሐሳብ ይዘው ነበር። «ጃክ ዘ ሪፐር» የሚለው ስም የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ በሴፕቴምበር መጨረሻ ለአንድ የዜና ወኪል በተላከ ደብዳቤ። ደብዳቤው «ውድ አለቃ» ብሎ ነው የሚጀምረው። አለቃ ፈላጊዎች አትቸኩሉ፣ የዜና ወኪሉን ኃላፊ ማለቱ ነው።

አቋሜን ከአሁኑ ልናገር። የዱርዬ ቡድን ሐሳብ በአንዲት ሴት ላይ ትክክል ነው። በሌሎቹ ላይ አይሠራም። አንዷን ለማስረዳት የተነሳው ሐሳብ ስድስቱን ሊያስረዳ ሲሞክር ደግሞ የመጀመሪያዋን ሴት ጉዳይ ይዞት ጠፋ። እንዴት እንደሆነ ከመጀመሪያው እንሂድ።

ኤማ ስሚዝ 45 ዓመቷ ነበር። ባሏ የሞተባት መሆኗን ትናገር ነበር። የምታድረው በምሥራቅ ለንደን፣ ስፒታልፊልድስ፣ ጆርጅ ጎዳና ቁጥር 18 በሚገኝ አልጋ ቤት ነው። አልጋ ቤት ስል የአዳር ከፍለህ የምትተኛበትን፣ ካልከፈልክ የምትወጣበትን ማለቴ ነው። ኤፕሪል 2 የፋሲካ ማግስት ሰኞ፣ የበዓል ቀን ነበር። በዚያው ሌሊት፣ በእኛ አቆጣጠር ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ወደ ማደሪያዋ ስትመለስ በኋይትቻፕል ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ወንዶች ቆመው አየች። ልትሸሻቸው መንገድ ተሻገረች። ተከተሏት። ኦስቦርን ጎዳና ከብሪክ ሌን በሚገናኝበት ማዕዘን ላይ ያዟት። ሁለት ወይም ሦስት ነበሩ። ደበደቧት፣ ደፈሯት፣ የያዘችውን ገንዘብ ወሰዱ፣ በደነዘዘ ነገርም የውስጥ አካሏን ክፉኛ ጎዱት። ማደሪያዋ ከዚያ ሩቅ አልነበረም። በዚያ ሁኔታ በእግሯ ሄዳ የደረሰችው ግን ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው።

የአልጋ ቤቱ ኃላፊ ሜሪ ራስል ኤማ እምቢ እያለቻት ለንደን ሆስፒታል ወሰደቻት። ኤማ ስለ ሰዎቹ ብዙ መናገር አልፈለገችም። አንዱ ዕድሜው 19 ገደማ መሆኑን ግን ተናግራለች። በማግስቱ ጠዋት በሦስት ሰዓት በሆድ ዕቃ ሽፋን መመረዝ ሞተች። ፖሊስ ነገሩን የሰማው ኤፕሪል 6 ነው፤ ከሞተች ከሁለት ቀን በኋላ። ኤፕሪል 7 የሞት ምክንያት አጣሪው ዋይን ባክስተር ችሎት ተቀመጠ። በዚያ ሌሊት አካባቢውን ሲጠብቁ የነበሩት ፖሊሶች ሁሉ ምንም እንዳላዩ ነው የተነገረው። ውሳኔው፣ ባልታወቁ ሰዎች ሆን ተብሎ የተፈጸመ ግድያ። ፋይሉ ተዘጋ ማለት ይቻላል።

ይህን በዝርዝር የጻፍኩት ያለምክንያት አይደለም። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ክርክር ሁሉ የተንጠለጠለው በእነዚህ ሰዎች ላይ ነው። በዚያ ዓመት ኋይትቻፕል ውስጥ ከተገደሉት ሴቶች መካከል ማን እንዳጠቃት ራሷ የተናገረች ኤማ ብቻ ናት።

ኦገስት 7 ማርታ ታብራም በጆርጅ ያርድ ሕንፃ ደረጃ ላይ 39 ጊዜ ተወግታ ተገኘች። እሷም የሞተችው ከበዓል ሰኞ ማግስት ነው። ፖሊስ ያኔ ወታደር ነበር የሚፈልገው፣ ምክንያቱም ጓደኛዋ ከሁለት ወታደሮች ጋር አምሽተው እንደነበር ተናግራለች። ኦገስት 31 ደግሞ ሜሪ አን ኒኮልስ በባክስ ሮው፣ አንገቷ ተቆርጦ፣ ሆዷ ተቀዶ። በአምስት ወር ውስጥ ሦስት ሴቶች፣ ሦስቱም ድሆች፣ ሦስቱም በአንድ ሰፈር። ጋዜጦች ሦስቱን ባንድ ክር አሰሯቸው። ክሩ የተገመደው ደግሞ ከኤማ ታሪክ ነው። ሌሊት እየወጣ ከሴቶቹ ገንዘብ የሚቀበል ቡድን አለ፣ አልሰጥም ያለችውን ይቀጣል፣ እነዚህ ሦስቱ እምቢ ያሉት ናቸው ተባለ። ወሬው ከጋዜጠኞች ብቻ አልነበረም፣ ጉዳዩን የያዙት መርማሪዎችም እንዲህ እንደሚያስቡ ተጽፏል።

ለቡድኑ ስም እንኳ ወጣለት፤ «ሃይ ሪፕ»። ይሄ የሊቨርፑል ዱርዬዎች ስም ነው። የሚያስቀው ነገር፣ እዚያው ሊቨርፑል ውስጥ አንድ ዳኛ ሃይ ሪፕ አለ ብሎ ወጣቶቹን በጅራፍ ሲያስገርፍ፣ የከተማው ፖሊስ አዛዥ እንዲህ የሚባል ቡድን የለም ብሎ ይከራከር ነበር። በተወለደበት ከተማ መኖሩ ያከራከረ ቡድን ለንደን ላይ ገዳይ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ቀጥሎ ሐሳቡ ቅርጹን ቀየረ። ሴቶቹ ራሳቸው ስለ አንድ ሰው ማውራት ጀመሩ። ገንዘብ ካልሰጡት የሚደበድብ፣ የቆዳ ሽርጥ የሚያደርግ ሰው አለ አሉ። ጋዜጦች «ሌዘር ኤፕረን» ብለው ስሙን አገነኑት። ሴፕቴምበር 10 ሳጅን ዊልያም ቲክ ጆን ፓይዘር የሚባል አይሁዳዊ ጫማ ሰፊ ያዘ። ሰውየው አራተኛዋ ሴት አኒ ቻፕማን ከተገደለች በኋላ ሕዝቡን ፈርቶ ከዘመዶቹ ቤት አልወጣም ነበር። ኒኮልስ በሞተችበት ሌሊት ደግሞ ሌላ ሰፈር ሆኖ፣ የወደቡን ቃጠሎ ነጸብራቅ እያየ ከፖሊስ ጋር ሲያወራ ነበር። ከዚህ የተሻለ ምስክር ከየት ይመጣል? ተለቀቀ፣ በችሎት ፊትም ስሙ ነጻ ወጣ። የግብር ሰብሳቢውም ሐሳብ ከእሱ ጋር ቀዘቀዘ። ቻፕማን ሴፕቴምበር 8 ስትገደል ገዳዩ ማሕፀኗን አውጥቶ ወስዶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ወሬው ሁሉ ወደ ሐኪምና ወደ እብድ ዞረ። ዕዳ አልከፈለችም ተብሎ እንዲህ አይደረግማ።

እስከዚህ የድሮው ክርክር ነው። የዛሬዎቹ ደጋፊዎች ግን ይዘውት የመጡት ነገር የተሻለ ነው። ካርታ ይዘው መጥተዋል።

የሴቶቹን ማደሪያ ተመልከቱ። ኤማ ጆርጅ ጎዳና 18፣ ታብራም እዚያው ጆርጅ ጎዳና 19። ኒኮልስ ትሮል ጎዳና 18። ኤልዛቤት ስትራይድ ፍላወር ኤንድ ዲን ጎዳና 32፣ ካትሪን ኤዶውስ እዚያው 55። ቻፕማን ዶርሴት ጎዳና 35፣ ሜሪ ጄን ኬሊ ከዚያው ዶርሴት ጎዳና በምትገባ ሚለርስ ኮርት በምትባል ጠባብ ግቢ፣ ክፍል 13። ከአንዱ ወደ ሌላው በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። ቤቶቹ ደግሞ የጥቂት ሰዎች ናቸው። ቻፕማን ያደረችበት የዊልያም ክሮሲንግሃም ነው። የኬሊ ክፍል የጆን ማካርቲ ነው፤ ግቢው እንዲያውም የማካርቲ ኪራይ ቤቶች ይባል ነበር። ማካርቲ እዚያው በር ላይ ሱቅ ነበረው። አልጋ የሚያከራየው፣ ሻማና ዳቦ የሚሸጠው፣ ማን ከማን ጋር እንደገባ የሚያየው እሱ ነው። ይሄ ሰው የሰፈሩ አለቃ ካልሆነ ማን ይሆናል ይላሉ።

የኬሊ ዕዳ ደግሞ አለ። ኪራይዋ በሳምንት 4 ሽልንግ ከ6 ፔኒ ነበር። ስትሞት 29 ሽልንግ ውዝፍ ነበረባት፣ ከስድስት ሳምንት በላይ። በአንድ አዳር 4 ፔኒ ያጣችን ሴት በሌሊት ከሚያስወጣ ሰፈር ውስጥ፣ አከራይ ስድስት ሳምንት የሚታገሠው ለምንድን ነው? ደጋፊዎቹ መልስ አላቸው። ከሥራዋ ድርሻ ይቀበል ስለነበር ነው ይላሉ። እዚህ ላይ ሐቁን ልናገርና፣ ይሄን ነጥብ መጀመሪያ ሳነበው ወንበሬ ላይ ተስተካክዬ ነው የተቀመጥኩት። ማስረጃ አይደለም፣ ግን አፍንጫ ያለው ሰው ያሸተዋል።

ካርታው ግን የሚመስለውን ያህል አይናገርም። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ፖሊስ ያጠናቀረውን ቁጥር እዩ። በኋይትቻፕል የፖሊስ ክልል 233 አልጋ ቤቶች፣ በውስጣቸው የሚያድሩ 8,530 ሰዎች፣ 62 የሴተኛ አዳሪ ቤቶችና 1,200 ገደማ ሴተኛ አዳሪዎች። በ1885 የወጣው ሕግ የሴተኛ አዳሪ ቤቶችን ማዘጋት አቅልሎ ነበር። ቤታቸው የተዘጋባቸው ሴቶች የት ይሄዳሉ? መንገድና አልጋ ቤት። አልጋ ቤቱ ደግሞ የተከማቸው በእነዚያው አራት አምስት ጎዳናዎች ነው። ዓይንህን ጨፍነህ ሰባት ሴቶች ብትመርጥ አድራሻቸው ይኸው ነው የሚሆነው። ካርታው ድሃ የት እንደሚያድር ነው የሚያሳየው እንጂ ገዳዩ ማን እንደላከው አይደለም።

እዚህ ላይ ግን አከራዮቹን ነጻ አላወጣቸውም። ኒኮልስ በዚያ ሌሊት መንገድ ላይ የተገኘችው ለአልጋ 4 ፔኒ ስላጣች ነው። የአልጋውን ገንዘብ በቀን ሦስት ጊዜ አግኝታ ሦስቱንም ጊዜ እንደጠጣችበት ለጓደኛዋ ነግራታለች። ቻፕማንም ታማ፣ ከክሮሲንግሃም ወጥ ቤት ወጥታ፣ አልጋዬን ጠብቁልኝ ብላ ነው የሄደችው። ሁለቱንም ከሙቀቱ ወደ ጨለማው ያወጣቸው ሒሳብ ነው። ቢላዋ የያዘው ማንም ይሁን ማን፣ ሴቶቹን በየሌሊቱ የሚያቀርብለት ይህ ንግድ ነበር። የአለቃ ሐሳብ አቀንቃኞች ይህን ቢይዙ ኖሮ እጄን አነሳላቸው ነበር። እነሱ ግን አለቃው ራሱ ቢላዋ እንዲይዝ ወይም እንዲልክ ይፈልጋሉ።

እንግዲህ ላከ እንበል። የሴፕቴምበር 30ን ሌሊት እንየው። ኤዶውስ ሰክራ ቢሾፕስጌት ፖሊስ ጣቢያ ታስራ ነበር። የለቀቋት ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ነው፤ ሰዓቱን የወሰነው ስካሯ መብረዱን ያየ ፖሊስ ነው። ከጣቢያ ወጥታ ወደ ማደሪያዋ ሳይሆን ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄደች። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ፖሊስ ማይተር አደባባይን ዞሮ ሲያይ ማንም አልነበረም። ከሩብ ሰዓት በኋላ ተመልሶ ሲመጣ ሬሳዋን አገኘ። ይህን የሚያቅድ አለቃ አሳዩኝ። መቼ እንደምትፈታ የማያውቅ፣ ወዴት እንደምትሄድ የማያውቅ፣ ግን ሰው ልኮ በ45 ደቂቃ ውስጥ የሚያስጨርስ። ይሄ ዕቅድ ሳይሆን ያገኘውን የሚይዝ ሰው ሥራ ነው።

ለደጋፊዎቹ የሚጠቅም ነገርም በዚያው ሌሊት አለ፤ መደበቅ አልፈልግም። ከኤዶውስ በፊት፣ በርነር ጎዳና ላይ ስትራይድ ከመገደሏ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ እስራኤል ሽዋርትዝ የሚባል ሰው አንዱ ሴት ሲያንገላታ አየ። ከማዶ ሌላ ሰው ፒፓ ይለኩስ ነበር። አንገላቺው «ሊፕስኪ!» ብሎ ጮኸ። ሽዋርትዝ ሲሸሽ ባለ ፒፓው የተከተለው መሰለው። ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ጠባቂ፣ ጩኸቱም ምልክት! ደስ ይላል አይደል? ነገር ግን ኢንስፔክተር አበርላይን ሰፈሩን ያውቅ ነበርና ሌላ ተረጎመው። ሊፕስኪ በ1887 በነፍስ ግድያ የተሰቀለ አይሁዳዊ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ አይሁዶችን መሳደቢያ ሆኖ ነበር። መልኩ አይሁዳዊ የሆነውን ሽዋርትዝን ነው የሰደበው። ባለ ፒፓውም እንደ ሽዋርትዝ ደንግጦ የሮጠ መንገደኛ ሊሆን ይችላል። እኔ ወደ አበርላይን አደላለሁ፣ ግን ይህቺ ነጥብ ክፍት ናት። ስትራይድ ደግሞ የተቆረጠው አንገቷ ብቻ ነው፣ ስለዚህ የሪፐር ናቸው ከሚባሉት ከአምስቱ (ከኒኮልስ እስከ ኬሊ) ውስጥ እሷ የሌላ ሰው ሥራ ናት የሚሉም አሉ።

ከሁሉ በላይ እኔን የሚያሳምነኝ ግን ዝምታው ነው። ኬሊ ኖቬምበር 9 ተገደለች። ሰውነቷ የተደረገውን አልጽፈውም። በማግስቱ መንግሥት ማስታወቂያ አወጣ፤ ግድያውን ራሱ ያልፈጸመ ተባባሪ ካለና ከጠቆመ የንግሥቲቱ ምህረት ይሰጠዋል። ከዚያ በፊት የለንደን ሲቲ አስተዳደር 500 ፓውንድ ሽልማት አቅርቧል። አንድ አልጋ 4 ፔኒ ነው። አስሉት፣ ያኔ አንድ ፓውንድ 240 ፔኒ ስለነበር 500 ፓውንድ ሠላሳ ሺህ አዳር ነው። ጓደኛውን በአንድ ብርጭቆ ጂን የሚሸጥ ሰው በሞላበት ሰፈር፣ ምህረትም ገንዘብም ተዘርግቶ፣ ከቡድኑ አንድ ሰው አልመጣም። ፈርተው ነው ትሉኛላችሁ። እሺ፣ እስከ መቼ?

ይህን የምለው ያ ሰፈር እውነተኛ አለቆች ምን እንደሚመስሉ በኋላ ስላሳየን ነው። ማርች 1966 ሮኒ ክሬይ በኋይትቻፕል መንገድ ላይ ባለው ብላይንድ ቤገር መጠጥ ቤት ገብቶ ጆርጅ ኮርኔልን በሰው ፊት ተኩሶ ገደለው። ቦታው ኒኮልስ ከወደቀችበት በእግር የደቂቃዎች መንገድ ነው። ያኔ ማንም አላየሁም አለ። የክሬይ ወንድማማቾች በ1968 ሲታሰሩ ግን አፎች ተከፈቱ፣ የመጠጥ ቤቱ አስተናጋጅ ሳይቀር መሰከረች፣ በ1969 ተፈረደባቸው። የአለቃ ዝምታ አለቃው እስኪወድቅ ነው። የ1888ቱ አለቆች ነበሩ ብንል፣ አርጅተው ሞተዋል፣ ዶርሴት ጎዳናም ስሙ ተቀይሮ በኋላ ፈርሷል። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ከሎሌዎቻቸው አንዱ እንኳ ሲሞት ተናዞ፣ ወይ ሰክሮ ለጋዜጣ ሸጦ የተረጋገጠ ቃል አልተወም። እንዲያውም ብዙ ሰው አለቃውን ወደ 1888 የሚወስደው ከክሬዮች የተነሳ ይመስለኛል። ምሥራቅ ለንደን ሲባል ሱፍ የለበሰ ወሮበላ ነው የሚታየን። በ1888 መዝገብ ላይ ያለው ግን በአብዛኛው ከሴት ላይ ሳንቲም የሚነጥቅ የመንገድ ጎረምሳ ነው።

ንግዱም አያስኬድም። ግብር የሚሰበስብ ሰው የሚፈልገው ፍርሃት ነው፣ ግን ሴቶቹ ነገ ወጥተው እንዲሠሩለት የሚበቃ ፍርሃት። ከግድያዎቹ በኋላ ሰፈሩን ሲቪል የለበሰ ፖሊስ ሞላው፣ አልጋ ቤቶቹ ተፈተሹ፣ ነዋሪዎች በጆርጅ ለስክ መሪነት ኮሚቴ አቋቁመው ሌሊት ዘብ አወጡ። የራሱን ገበያ እንዲህ የሚያቃጥል አለቃ ካለ፣ አለቃ የሆነበት ምክንያት አይገባኝም።

ሐኪሙ ቶማስ ቦንድም ከኬሊ ሞት በኋላ ባቀረበው ሪፖርት አምስቱንም የገደለው አንድ እጅ ነው ብሏል። ልብ በሉ፣ በዓይኑ ያየው የኬሊን ብቻ ነው፣ የአራቱን ማስታወሻ አንብቦ ነው የፈረደው። ስለዚህ እሱን እንደ መጨረሻ ቃል የሚጠቅሱትንም ቀስ በሉ እላለሁ። ኤማና ታብራም ከአምስቱ ውስጥ የሉም።

እና ኤማ የት ገባች? እዚህ ነው የምናደደው። የቡድን ሐሳብ ሲነግሥ ኤማ የሃይ ሪፕ የመጀመሪያ ሟች ሆነች። ሐሳቡ ሲወድቅ ደግሞ «የሪፐር አይደለችም» ተብላ ከዝርዝር ወጣች፣ ከእሷ ጋር ያጠቋት ሰዎች ወጡ። ያን ጊዜ በኋይትቻፕል ወጣት ፖሊስ የነበረው ዋልተር ዲው እንኳ ከብዙ ዓመት በኋላ የሪፐር የመጀመሪያ ሟች እሷ ናት ብሎ ጽፏል፤ ራሷ ከአንድ በላይ ሰዎች ናቸው ካለች በኋላ! ያ የ19 ዓመት ልጅ ሪፐር መሆን አለመሆኑ ሁሉንም አከራከረ። ማን እንደሆነ የፈለገው ግን የለም። የዱርዬ ቡድን ሥራ መሆኑ በሟቿ ቃል የታወቀው ብቸኛው ግድያ የዱርዬ ቡድን ጉዳይ ሆኖ በወጉ አልተመረመረም።

በዚያ ንጋት ወደ ሆስፒታል ሲወስዷት በኦስቦርን ጎዳና በኩል አለፉ። ኤማ እዚህ ነው ብላ ቦታውን አሳየቻቸው። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ያህል በሕይወት ነበረች፤ ሐኪሙም አነጋግሯታል። ፖሊስ ግን አልጋዋ አጠገብ አልደረሰም።